ቹንቾ ያላለው ቃል

ሥራዬ ለፊልም የአማርኛ ሰብታይትል መጻፍ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የፊልም ምሽት የጣሊያን ካውቦይ ፊልም ደረሰኝ። የዳሚያኖ ዳሚያኒ «ማን ያውቃል?»፣ እ.ኤ.አ. የ1966 ሥራ።

ታሪኩ በሜክሲኮ አብዮት ዘመን ነው። ቹንቾ ባቡር ዘርፎ መሣሪያውን ለአብዮተኞቹ ጄኔራል የሚሸጥ ሽፍታ ነው። መጀመሪያ «ወንበዴ» ብዬው ነበር። «ሽፍታ» ግን ዘራፊንም፣ በመንግሥት ላይ የተነሳን ሰውም ይይዛል። ለቹንቾ ከዚህ የተሻለ ቃል አላውቅም።

ቢል ቴት የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ይጠጋዋል። ይዋደዳሉ። ወጣቱ ግን ጄኔራሉን እንዲገድል በመንግሥት የተገዛ ሰው ነው። ይገድለዋልም፣ በወርቅ ጥይት። ከክፍያው ግማሹን፣ 50,000 ፔሶ፣ ለቹንቾ ያካፍለዋል። ሽፍታው አዲስ ልብስ ለብሶ ሀብታም ይሆናል።

ከዚያ ባቡር ጣቢያ ይሄዳሉ። ድሆች ቲኬት ለመቁረጥ ተሰልፈዋል። ቴት አልፏቸው ፊት ይገባል። ቹንቾ ያየዋል። ቆይቶ ልገድልህ ነው ይለዋል። ቴት ለምን ብሎ ይጠይቃል። የቹንቾ መልስ «ማን ያውቃል?» ነው።

እኔ እንዲህ አልጻፍኩም። «ሕዝቤን ስለናቅህ!» ብዬ አስቀመጥኩት። ተመልካቹ እንዳይደናገር ብዬ ነው።

አራሚያችን ጠሩኝ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ፊልም አብዝተው ያዩ ሰው ናቸው።

«ሰውየው ይህን ብሏል?»

«አላለም ጋሼ። ግን ለምን እንደገደለው ካልገባቸው...»

«ለሱስ መቼ ገባው? አንቺ ቀድመሽ አወቅሽለት እኮ።»

ቁጭ ብዬ ፊልሙን ከመጀመሪያው አየሁት። እውነታቸውን ነው። ቹንቾ ንግግር የሚያደርግ አብዮተኛ አይደለም። ጓደኛውን ከልቡ ይወደዋል፣ ገንዘቡም እጁ ገብቷል። ለመግደል አንድም የሚጠቅመው ነገር የለም። ግን ያ ሰልፍ አለ። የተሰለፉት የሱ ሰዎች ናቸው። እሱም ትናንት እዚያው ነበር የሚቆመው። ሰውየው ምን እንደነካው ለመናገር ቃል ሳያገኝ ወገኑን መረጠ። ድርሰቱ ላይ የሠራው ፍራንኮ ሶሊናስ በዚያው ዓመት የወጣውን የፖለቲካ ፊልም «የአልጄርስ ጦርነት»ን የጻፈ ሰው ነው። መፈክር ማስገባት ቢፈልግ አያቅተውም ነበር። አላስገባም። እኔ ግን የሰውየውን ለውጥ ወስጄ መፈክር አደረግኩበት። በጣም ነው ያፈርኩት።

«ማን ያውቃል?»ን መለስኩ። መጨረሻዋን መስመርም አረምኩ። ቹንቾ ገንዘብ ለአንድ ድሃ ሰጥቶ እየሮጠ ይጮሃል። እኔ «ለትግሉ አውለው» ብዬ አለስልሼው ነበር። አሁን እሱ እንዳለው ጻፍኩት፤ «በዚህ ገንዘብ ዳቦ እንዳትገዛ! ድማሚት ግዛበት!»

ጋሼ አነበቡት። ጣታቸውን «ድማሚት» የሚለው ላይ ትንሽ አቆዩና «ይሂድ» አሉ።