አዲስ ዓለም ጽዮን ደርሼ መጣሁ

ጽዮን ሲባል ሁላችንም አክሱም ነው ትዝ የሚለን፣ ግን እኮ ምኒልክ ያሠሯት ጽዮን እዚሁ አፍንጫችን ስር አዲስ ዓለም አለች፣ ስንቱ የአዲስ አበባ ሰው ወደ ወንጪ ሲበር ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት እንደሚያልፍ ሳስብ በጣም ቅር ይለኛል።

ቅዳሜ በጠዋት ከአስኮ ሚኒባስ ያዝኩ። ቡራዩ ያው መጨናነቁ ነው፣ መናገሻ ሲደረስ ግን ወጨጫ በግራ በኩል ግጥም ብሎ ይታይና አየሩ ራሱ ይለወጣል፣ ሆለታ ላይ ማኪያቶ ጠጥቼ ሌላ ታክሲ ይዤ ቀጠልኩ።

ከአድዋ በኋላ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት አፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር፣ ኋላ ባህር ዛፉ ደረሰና ከተማዋ እዛው ቀረች፣ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ቤትም ለማርያም ተሰጠ። ንጉሥ ለራሱ የጀመረውን ቤት ለእመቤታችን ሲለቅ፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ደጁን ተሳልሜ ቆሜ ሳለ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ አንዲት እናት ጠጋ ብለው "ልጄ፣ አክሱም ደርሰሻል?" አሉኝ። "ደርሻለሁ እማማ፣ አሮጌው ግን ለሴት አይፈቀድም፣ ከሩቅ ተሳልሜ ተመለስኩ" አልኳቸው። እውነትም ያ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲል ጊዜ እንደገና የተሠራው ወንዶች ብቻ የሚገቡበት ነው፣ እኛ ኃይለ ሥላሴ ባሠሩት በአዲሱ ነው የምናስቀድሰው። "በይ እዚህ እናትሽ ቤት ግቢ" ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ። ጫማዬን አውልቄ ስገባ ምንጣፉ ገና እጣን እጣን ይላል፣ መጋረጃው ፊት ቆሜ ምን እንደጸለይኩ ራሱ አላስታውስም፣ እንባዬ ብቻ ዝም ብሎ ይወርዳል።

ጽዮን መጀመሪያ ዳዊት ከኢያቡሳውያን እጅ የያዛት አምባ ናት፣ 2ኛ ሳሙኤል 5፥7 ላይ አለ። እኛ ጋ ደግሞ ስሟን የያዙት አክሱምና አዲስ ዓለም ብቻ አይደሉም፣ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ደብረ ጽዮን አለች፣ በዮዲት ጊዜ ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ የተቀመጠችው እዛ ነው ይላሉ አባቶች፣ የዛይ ሕዝብም ያንን ታሪክ ከጥንት ብራናዎች ጋር ጠብቆ ይዞታል። ሁሉም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው፣ አክሱም የሄደ ሰው አዲስ ዓለምን አያስፈልገኝም ቢል እኔ አልስማማም።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ኅዳር 21 ንግሡ ነው ግን ሰው ይበዛል፣ ረጋ ብሎ ለማየት ተራ ቀን ይሻላል። ነገሥታት የሰጧቸውን ንዋያት የምትፈልጉ ቁልፍ የያዙትን አባት መጠበቅ ሊኖርባችሁ ይችላል፣ ነጠላ አትርሱ። እኔ ቀጥሎ ሐሳቤ ቱሉ ጉዶ ነው፣ ጀልባውን ከዝዋይ ነው የሚይዙት፣ አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ካለ ያናግረኝ።