«በሞቴ» ፕሊስ የሆነበት ምሽት

ባለቤቴ ከደሴ መጥታ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። እኔ ሌሊት እሠራለሁ፣ እሷ ቀን እንግሊዝኛ ትማራለች። አብረን የምንውለው ቅዳሜና እሁድ ነው፤ እሱንም ቤተ ክርስቲያን፣ አስቤዛና ልብስ አጠባ ይሻሙታል። ማርች ላይ ኤኤፍአይ ሲልቨር የሚባለው የከተማችን ሲኒማ በየዓመቱ የሚያሳየውን የኒው አፍሪካን ፊልም ፌስቲቫል ማስታወቂያ ሳይ ደስ አለኝና የአራት ፊልም ትኬት ለሁለታችን ገዛሁ። ሳልጠይቃት። ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የሴኔጋል ፊልም ነበር። ተዋንያኑ ወሎፍና ፈረንሳይኛ ይቀላቅላሉ፣ ከታች እንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሮጣል። ለኔ ምንም አይደለም፤ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬበታለሁ። እሷ ግን ቃና ቴሌቪዥን ላይ ቱርኮቹ ጥርት ባለ አማርኛ ሲጣሉና ሲታረቁ ለምዳ የመጣች ሰው ናት። አንዱን መስመር አንብባ ሳትጨርስ ሁለተኛው ይጠፋል። እኔም ጎበዝ ባል ነኝ ብዬ በጆሮዋ መተርጎም ጀመርኩ። ፊት ለፊታችን የተቀመጡ ሴትዮ ሁለት ጊዜ ዞረው አዩኝ። በሦስተኛው ባለቤቴ ራሷ ክንዴን ቆንጠጥ አደረገችና «ተወኝ፣ ፊታቸውን እያየሁ ነው» አለችኝ።

እንደወጣን በር ላይ «እንዴት አየሽው?» አልኳት። «ጥሩ ነው።» ከወሎ ሴት እንዲህ ያለ አጭር መልስ ከመጣ ጨዋታው ተዘግቷል ማለት ነው።

ስለ ፈንዲሻው ሳልናገር አላልፍም። ፌስቲቫሉ ያረፈው ሁዳዴ ላይ ነበር። «ያለ ቅቤ» ብዬ አዘዝኩና፣ ለማሳቅ ያህል፣ ብዙ ሲኒማ ቤት ቅቤ የሚሉት ነገር እኮ ዘይት ነው አልኳት። «ታዲያ ለምን ቅቤ ይሉታል? ስሙን ከጠሩት ቀርቷል» ብላ ያንን ደረቅ ፈንዲሻ በኩራት በላችው። ከዚያ ወዲህ ቆሎ በቦርሳዋ ይዛ ትገባለች። ይፈቀዳል ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

እሁዱ ደግሞ የራሱ ጉድ ነበረው። አሜሪካ ማርች በገባ በሁለተኛው እሁድ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። ስልክ በራሱ ያስተካክላል፤ የኛ ግድግዳ ሰዓት ግን አያውቅም። ከቅዳሴ መልስ የግድግዳውን ሰዓት አምኜ «ገና ጊዜ አለን፣ በረካውን ሳንጠጣማ አንወጣም» አልኩ። ስንደርስ ፊልሙ ከተጀመረ ቆይቷል። የሲኒማው ሕንጻ በፈረንጆቹ 1938 የተሠራ፣ ተዘግቶ ከርሞ በ2003 ታድሶ የተከፈተ ሲሆን ሦስት አዳራሽ አለው። ትልቁ አራት መቶ ሰው ያህል ይይዛል፣ ትንሹ ሰባ አምስት ገደማ። የኛ ፊልም በትንሹ ነበር። የቀረው ቦታ የፊተኛው ረድፍ ጥግ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ጽሑፉን ማንበብ ማለት ከግራ ወደ ቀኝ አንገት ሲያዞሩ መዋል ነው። አንገቴ እስከ ማክሰኞ አልተመለሰም። ጽሑፍ ያለበት ፊልም ከሆነ ከመሀል ወደ ኋላ፣ ወንበሩ ከፍ ካለበት፣ የፊተኛው ሰው ጭንቅላት ከታች ያለውን መስመር ከማይሸፍንበት መቀመጥ እንደሚያስፈልግ የተማርኩት በዚያ ቀን ነው። ለዚህ ደግሞ ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ትኬት ለአማርኛ ፊልም ነበር፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምሽት፣ በትልቁ አዳራሽ። ግማሹ ታዳሚ ሐበሻ ነው። ገና መብራት ሳይጠፋ ሰላምታው፣ «አለህ እንዴ?»ው፣ ትከሻ መሳሳሙ ሌላ ነው። ከባለቤቴ ቀጥሎ አንዲት ፈረንጅ ወጣት ብቻዋን ተቀምጣለች።

ፊልሙ ውስጥ አንዲት አሮጊት እንግዳ ያበላሉ። እንግዳው ጠግቤያለሁ ይላል፤ እሳቸው ጉርሻውን ጠቅልለው «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ይላሉ። ከታች ያለው ጽሑፍ «ፕሊስ» ይላል። በቃ፣ ፕሊስ። የአዳራሹ ግማሽ በሳቅ ፈረሰ፣ ሌላው ግማሽ ዝም ብሎ ስክሪኑን ያያል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ልጅቷ ውኃ ስታቀርብላቸው «እግዜር ይስጥሽ፣ እደጊ» አሉ፤ ጽሑፉ «ታንክ ዩ» አለ። የተገላቢጦሹም ነበር፦ አንዳንዱን ቀልድ ፈረንጆቹ ቀድመው አንብበው ስቀው ሲጨርሱ ተዋናዩ ገና አፉን እየከፈተ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሳቅ፣ አንዱ ፈጥኖ፣ አንዱ ዘግይቶ።

ወጣቷ ወደ ባለቤቴ ጠጋ ብላ ምን አሉ ብላ ጠየቀቻት። ልመልስ አፌን ስከፍት ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። «ተው፣ እኔ እነግራታለሁ።» ከዚያ ስምንት ወር በተማረችው እንግሊዝኛ፣ በእጇ እየጎረሰች፣ ካልበላህ እኔ ልሙት ማለት ነው ብላ አስረዳቻት። ወጣቷ ደነገጠች፣ ቀጥሎ ሳቀች። እስከ መጨረሻው አንድ ነገር ባለፈ ቁጥር ወደ ባለቤቴ ዞር ትል ነበር። እኔን ያየኝ የለም።

ከፊልሙ በኋላ ጥያቄና መልስ ነበር። እንደ ልማዳችን አንድ ወንድማችን «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብሎ ማይኩን ያዘ። ዝርዝሩን እለፉት፤ እኛ በዚያ መሀል ወጣን።

በር ላይ ምንም አልጠየቅኳት። ከሲኒማው ብዙ ሳይርቅ ካሉት የኛ ምግብ ቤቶች አንዱ ገባንና የጾም በያይነቱ አዘዝን። ሽሮው መሀል ላይ ሲደርስ ራሷ ጀመረች። ስለ አሮጊቷ፣ ስለ እናቷ፣ እናቷ እንግዳ ሲመጣ ስለሚያደርጉት። የሚገርመው፣ ሳምንት ሙሉ ዝም ያለችበትን የሴኔጋሉን ፊልም እኔ ከገባኝ በላይ ገብቷት ነበር። እኔ ከታች ሳነብ ያለፈኝን የልጁን እጅ መንቀጥቀጥ አይታዋለች። እናትየው እያወቀች ዝም ማለቷንም። እኔ ጽሑፉን ነው ያየሁት፤ እሷ ፊልሙን።

በአራተኛው ትኬት አልሄድንም። እሁድ ነበር፣ ደክሟት ነበር፣ እኔም ሌሊት እገባለሁ። ለጓደኛዬ ሰጠሁት።

በዓመቱ ፕሮግራሙ ሲወጣ ስልኬን ወስዳ ቡና እየተቆላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሁለት ፊልም መረጠች፣ ሁለቱም በማንኛችንም ቋንቋ ያልተሠሩ። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝና «ያንተ አንድ ነው፣ አስበህበት ምረጥ» አለችኝ። የግድግዳውንም ሰዓት ከቅዳሜ ማታ ጀምራ አስተካክላዋለች።