የሳጋቱራ መምጠጫን በሪሞት ማስነሣት፦ ሪሲቨሩ ሞተር አይሸከምም

ደሴ ባለው የእንጨት ሥራ ቤታችን መምጠጫው ጥግ ላይ ነው የቆመው፤ ከሰርኩላር መጋዙ ስምንት ሜትር ይርቃል። ለአንድ ጣውላ ሄዶ ማብራት፣ ተመልሶ ሄዶ ማጥፋት ስለሚያታክት ሰው ሳያበራው ይሰነጥቃል። የዋንዛው ሳጋቱራ መሬት ላይ ይወድቃል፤ የኤምዲኤፍ ብናኝ ግን አየር ላይ ሰንብቶ ሳንባ ይገባል። ሪሞት የገጠምኩት ለዚህ ነው።

ሞተሩ ባለ 2 ፈረስ ጉልበት (1.5 ኪሎዋት)፣ ሲንግል ፌዝ፣ 220 ቮልት ነው፤ ሰሌዳው 9.6 አምፒር ይላል። መጀመሪያ ባለ 433 ሜጋኸርዝ የሪሞት ሪሲቨር ገዝቼ ቀጥታ የሞተሩ መስመር ላይ አስገባሁት። ላዩ ላይ 10 አምፒር ተጽፏል፣ 9.6 ደግሞ ከ10 ያንሳል፤ አልኩና ዘጋሁት። ያ 10 አምፒር ግን ለምድጃ ዓይነት ጭነት ነው። ሞተር ሲነሣ አምስት ስድስት እጥፍ፣ እዚህ ላይ ወደ 50 አምፒር ገደማ ይስባል፤ የመምጠጫ ፋን ከባድ ስለሆነም ፍጥነት እስኪይዝ ድረስ ይህ ጅረት ይቆያል። ብዙም ሳይቆይ ማጥፊያውን ብጫን ብጫን ሞተሩ አልቆም አለ። ብሬከር አውርጄ የሪሲቨሩን ሪሌይ (መስመሩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ትንሽ ማብሪያ) ክዳን ስፈታ ሁለቱ ኮንታክቶች ተበይደዋል። በካቻቪት ስፈለቅቃቸው "ጧ" ብለው ተላቀቁ፤ አንደኛው ፊቱ ተቦርቡሮ ጠቁሯል።

ስለዚህ ሪሲቨሩ ኮንታክተር (ኮይሉ መብራት ሲያገኝ እንደ ማግኔት ስቦ የሞተሩን መስመር የሚያገናኝ ትልቅ ማብሪያ) ያዛል እንጂ ሞተሩን አይነካም። የገዛሁት፦ ባለ 220 ቮልት ኮይል ኮንታክተር፣ በኤሲ-3 (ለሞተር ጭነት በሚሰጠው መለኪያ) 18 አምፒር፤ ከ9 እስከ 13 አምፒር የሚስተካከል ኦቨርሎድ (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ የሚያቋርጥ መከላከያ)፤ ሲ20 ብሬከር፤ ለኮይሉ መስመር ባለ 2 አምፒር ፊውዝ፤ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ፤ ደረቅ ኮንታክት (የራሱ ቮልቴጅ የሌለው ማብሪያ) ያለው ባለ ሁለት ቻናል ሪሲቨር፤ የፕላስቲክ ሳጥን። ለሞተሩ 2.5፣ ለኮይሉ መስመር 1 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ። 12 አምፒሩ ኮንታክተር ይበቃ ነበር የሚል ይኖራል። የኮንታክተር አምፒር የሚሰጠው ግን ብዙውን ጊዜ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ደሴ ከ2,400 በላይ ናት። ስስ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም፣ የኮንታክቱንም ብልጭታ ቶሎ አያጠፋም። ኮምቦልቻ ቢሆን ኖሮ በ12ቱ አልከራከርም ነበር።

የኮይሉ መስመር እንዲህ ይሄዳል፦ ፌዝ ከፊውዙ ወደ ኦቨርሎዱ 95 ገብቶ በ96 ይወጣል (ኦቨርሎዱ ሲዘልል የሚለያዩት ጫፎች ናቸው)፤ ከዚያ በቀዩ ቁልፍ፣ ቀጥሎ በሁለተኛው ቻናል ኮመንና ኖርማሊ ክሎዝድ (ሪሞቱ እስኪነካ የተገናኘ) ያልፋል። ከዚህ በኋላ ሦስት ነገሮች ጎን ለጎን ይታሰራሉ፦ አረንጓዴው ቁልፍ፣ የአንደኛው ቻናል ኮመንና ኖርማሊ ኦፕን (ሪሞቱ ሲነካ ብቻ የሚገናኝ)፣ የኮንታክተሩ 13 እና 14 (ኮንታክተሩ ሲስብ አብሮ የሚገናኝ ረዳት ኮንታክት)። ከእነሱ ወደ ኤ1፤ ኤ2 ኒውትራል ላይ (ኤ1 እና ኤ2 የኮይሉ ሁለት ጫፎች ናቸው)። ሁለቱም ቻናሎች "ስትጫን ብቻ" በሚለው ሞድ ይሁኑ፤ በብዙዎቹ ሪሲቨሮች የመማሪያውን ቁልፍ አንዴ ተጭኖ ሪሞቱን መንካት ነው። ኮንታክተሩን ይዞ የሚያቆየው 13 እና 14 ስለሆነ መብራት ሲሄድ ይለቃል፣ ሲመጣም በራሱ አይነሣም። እጅህ ፋኑ ውስጥ እያለ መብራት ቢመጣ ምን እንደሚሆን ማስረዳት አያሻም።

ኦቨርሎዱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የተሠራው ለሦስት ፌዝ ነው፤ ከሦስቱ የጅረት መተላለፊያ ዘንጎች አንዱ ባዶ ከሆነ ፌዝ የጠፋ መስሎት ያለ ምክንያት ይዘልላል። ፌዙን በአንደኛው አሳልፌ፣ ኒውትራሉን በሁለተኛው አውጥቼ መልሼ በሦስተኛው አስገባሁት። መጠኑ ሰሌዳው ላይ ያለው 9.6 ነው። የኧርዙ ሽቦ ግን የትም ሳይቋረጥ ሞተሩ አካል ላይ ይታሰራል።

ሁለት ችግር ተረፈ። ኮንታክተሩ ሲለቅ ሪሲቨሩ አልፎ አልፎ ይደነዝዝ ነበር፤ ኮይሉ ሲቋረጥ የሚፈጥረው የቮልቴጅ ምት ነው። ኤ1 እና ኤ2 መካከል ባለ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤክስ2 ዓይነት) ከ100 ኦም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ ሳስር ጠፋ። ሁለተኛው ርቀት ነው፦ የብረት ሳጥን ሲግናሉን ስለሚያፍን ፕላስቲክ፣ አንቴናውም 17.3 ሴንቲሜትር ቀጥ ያለ ሽቦ። ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ መወተፍ ሪሞቱን ሦስት ሜትር ላይ ያስቀረዋል።

ማታ ማታ ቮልቴጅ ወርዶ ኮንታክተሩ ሲንጫጫ ከሰማህ አጥፋው። ኮይሉ በእርግጠኝነት እንዲስብ ከ187 ቮልት ያላነሰ ይፈልጋል፤ ሲንጫጫ ኮንታክቶቹ ይቃጠላሉ። ሪሞት ተገኘ ተብሎም ለእያንዳንዱ ቁራጭ ማስነሣት አያስፈልግም፤ ደጋግሞ ማስነሣት የመነሻ ካፓሲተሩን ይጨርሳል። እኔ በሰዓት ከስድስት ጊዜ አላሳልፍም።

ሲያልቅ ሞተሩ እየሠራ ዋናውን ብሬከር አውርድ፣ ፋኑ እስኪቆም ጠብቅና መልስ። ዝም ካለ አብሽር፣ ትክክል ነው። በራሱ ከተነሣ አንደኛው ቻናል ይዞ በሚቆየው ሞድ ላይ ነው ያለው፤ አጥፍተህ እንደገና አስተምረው። ከረጢት ስትቀይር ግን ሪሞቱን አትመን፣ ብሬከሩን አውርድ። እነዚህ ርካሽ ሪሞቶች ኮዳቸው አይለዋወጥም፤ የጎረቤት ሪሞት በአጋጣሚ ሊገጥም ይችላል።