ከጎጃም ወደ ሐዲድ፦ የቅድመ አያቴን ኑሮ እንዴት እንዳገኘሁት

ቅድመ አያቴ አባይን ተሻግሮ ምድር ባቡር መቀጠሩን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። መቼ እንደሄደ፣ ሚስቱና ልጆቹ በምን እንደኖሩ ግን አጥርቶ የሚነግረኝ አልነበረም። ጎጃም ሐዲድ አልገባም። ስለዚህ ፍለጋዬን ከደጀን አካባቢ ሽማግሌዎች ጀመርኩ።

መጀመሪያ የባቡሩን ታሪክ ያዝኩ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያንም ተሻኮቱ። ሥራው ለዓመታት ተጓተተና አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ሽማግሌ ሳነጋግር ዓመተ ምሕረት አልጠይቅም። «ከሰገሌ በፊት ነው በኋላ?» እላለሁ። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 1909 ነው፤ የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ደግሞ 1911። አንዲት እማሆይ ወዲያው መለሱልኝ፦ «እናቴ እንደነገረችኝ ልጄ፣ ሰገሌ ሲሆን እሱ አዋሽ ነበር። የኅዳር በሽታ ሲገባ ግን እዚሁ ነው፤ እናቱን የቀበረ እሱ ነው።»

ከሁሉ የጠቀመኝ የርስት ነገር ነው። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር። ድርሻ የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይህን አስቀረው፤ ከዚያ በፊት ያደጉት ግን ትውልድ መቁጠሩ ዛሬም ይወጣላቸዋል። ስለ ባቡር ስጠይቃቸው ዝም ያሉ አባት፣ «መሬቱን ማን አረሰው?» ስላቸው ሁሉንም ዘረገፉት።

ሚስቱ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠች። ጥጥ እየፈተለች ልጆቿን አሳደገች። የባሏ ወንድሞች «እሱ እንደሆነ ቀርቷል» ብለው ሊከፋፈሉት ሲነሱ ዳኛ ፊት ቆማ ተሟገተች፤ ረታችም። እሱ በነጋዴ እጅ ጠገራ ብር ይልክላታል፤ አንዳንዱ ይደርሳል፣ አንዳንዱ መንገድ ላይ ይቀራል። ክረምት ሲሆን አባይ ይሞላል፤ ብሩ ቀርቶ ወሬውም አይሻገርም። እሱ ድንጋይ ሲፈልጥ፣ አፈር ሲደለድል፣ ሐዲድ ሲሸከም ኖሯል። የእሷ ሙግት ግን ለእኔ ከዚያ አያንስም። መሬቱን ባታስከብር የሚመለስበት ቤት አይኖረውም ነበር።

እንደ እኔ የምትፈልጉ ካላችሁ የክርስትና ስም መጠየቅ አትርሱ። ቄሶች የሞተን ሰው በጸሎት የሚያስቡት በእሱ ነው። የባቡሩ ወረቀት ደግሞ በፈረንሳይኛ ይጻፍ ስለነበር፣ ድሬዳዋ ከመውረዴ በፊት ስሙ በላቲን ፊደል ሊጻፍ የሚችልባቸውን መንገዶች እየዘረዘርኩ ነው።