ለእንጅባራው ፈረስ ቀረጻ ትራይፖድ ስገዛ የሠራሁት ስህተት

ያኔ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ አሁንም ስለሚቆጨኝ ነው የምጽፈው። ደብረ ማርቆስ ሰርግ በቪዲዮ የምቀርጽ ሰው ነኝ፣ ሰርግ ላይ ደግሞ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ) ብዙም አያስጨንቅም፣ ሙሽሮቹ ይቀመጣሉ አንተም ተክለህ ትቆማለህ በቃ። በ2011 ግን አንድ የባንጃ ልጅ መጣና "አባባ ዘንድሮ ሽምጥ ጋልቦ ከዚያ ይበቃኛል ብሏል፣ ጥር 23 እንጅባራ መጥተህ ቅረጽልን" አለኝ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው፣ ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ። ቀብድ ተቀበልኩ።

ካሜራው አለኝ፣ ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ፣ 70-200 የሚባለውን፣ ከጓደኛዬ ተዋስኩ። ትራይፖድ ባሕር ዳር ገዛሁ። ሻጩ ካርቶኑን እያሳየ "10 ኪሎ ይሸከማል" አለኝ፣ የኔ ካሜራ ከነሌንሱ 3 ኪሎ እንኳን አይሞላም፣ ስለዚህ ሳላቅማማ ከፈልኩ። ያ ቁጥር እግሩ ሳይታጠፍ የሚችለውን ክብደት ነው የሚነግርህ፣ ረጅም ሌንስ ወደፊት ሲከብድ አንገቱ፣ ማለትም ካሜራው የሚታሰርበትና የሚዞረው የትራይፖዱ ላይኛ ክፍል፣ ይዞ ይቆማል ወይ የሚለውን አይነግርህም። ሻጩ ያውቅ ነበር ብዬ አላስብም፣ እኔ ግን ካሜራው ቦርሳዬ ውስጥ እያለ አውጥቼ እዚያው ሳልሞክር መውጣቴ እስካሁን ያናድደኛል።

ጥር 23 ሊነጋጋ ሲል ደረስኩ፣ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። የፈቃድ ደብዳቤዬን ሳሳይ አስተባባሪው አገላብጦ አየና "ቲተር አለው እንጂ ክብ ማኅተም የለውም" አለኝ። ደብዳቤውን የጻፉልኝ ሰዎች ይበቃል ብለውኝ ነበር። ስልክ ደወልኩ፣ ለመንኩ፣ 40 ደቂቃ አለፈ። ሲያስገቡኝ ሜዳው ዳር ያለው ደልዳላ ቦታ ሁሉ ተይዟል፣ የቀረኝ ከሰው ኋላ ያለች ተዳፋት ናት።

እዚያ የሠራሁትን ሁሉ ስህተት ልናገር። ከፊቴ ሰው ስለቆመ የመሃሉን ዘንግ እስከ መጨረሻው አወጣሁት፣ እሱ ሲወጣ ሦስት እግር የነበረው ነገር አናቱ ላይ አንድ ቀጭን እግር ይሆናል። ሁለት እግር ወደ ዳገቱ አንዱን ወደ ቁልቁለቱ አደረግሁ፣ መሆን ያለበት ግልባጩ ነው፣ ክብደቱ ወደ ታች ስለሚስብ ሁለቱ ታች መሆን አለባቸው። የውሃ ልኩን አረፋ አላየሁም። ሌንሱን ከሥር የሚይዘው ቀለበት ደግሞ ጓደኛዬ ጋ ቀርቷል፣ ስለዚህ ያሰርኩት ካሜራውን ነው፣ ሌንሱ ከፊት ተንጠልጥሏል።

ፈረሶቹ መጡ። ኳስ የሚባለው ዓይነት አንገት ነበር የገዛሁት፣ እሱ ለፎቶ ይሆናል፣ ፈረስ ለመከተል ግን አይሆንም፣ ወደ ጎን ለማዞር ስታላላው ወደ ታችም አብሮ ይላላል። አባትዬው ኮርቻቸው ላይ ጎንበስ ብለው ሲመጡ አየኋቸው፣ አላላሁት፣ ሌንሱ አፍንጫውን ደፋ፣ ደንግጬ አጠበቅሁት፣ ተንገጫገጨ፣ እንደገና አላላሁት፣ በዚህ መሃል አለፉ። ካሜራዬ ላይ የቀረው የፈረስ እግርና አቧራ ነው፣ አድማሱም ከግራ ወደ ቀኝ እየተንጋደደ ይሄዳል። ቤት ገብቼ በኮምፒውተር ላቃናው ሞከርኩ፣ ለማቃናት መቁረጥ አለብህ፣ ስቆርጠው ያለችውም ጥቂት የሰውዬው ምስል ሄደች።

አያቴ ምንሽራቸውን ባላ እንጨት ላይ አሳርፈው ነበር የሚያልሙት። ባላውን ይተክሉና ጠመንጃውን ከማሳረፋቸው በፊት በእጃቸው ይነቀንቁታል፣ ከተነቃነቀ ነቅለው ሌላ ቦታ ይተክላሉ። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፣ የዚያን ቀን ግን አንዴም አልነቀነቅሁም።

ለልጁ ቀብዱን መለስኩ። አልተቆጣኝም፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የምመክረው፣ ገንዘብህ ውስን ከሆነ እግሩን ርካሽ ግዛ፣ አንገቱን ግን ፍሉድ ሄድ ግዛ፣ ጎንና ወደላይ-ወደታች ለየብቻ የሚጠብቅና የሚላላ። ሱቅ ውስጥ የራስህን ካሜራ ጫን፣ ወደፊት ዝቅ አድርገህ አጥብቀውና እጅህን ልቀቅ፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ነጥብ ይዘህ ተመልከት፣ ነጥቧ ከተንሸራተተች ጥለኸው ውጣ፣ ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ። የመሃል ዘንጉን እኔ ጭራሽ አላወጣውም፣ ቁመት ካነሰኝ ድንጋይ ላይ እቆማለሁ ወይም ቦታ እቀይራለሁ። ነፋስ ሲኖር ቦርሳ አንጠልጥል ይላሉ፣ እኔ አልስማማም፣ የተንጠለጠለ ቦርሳ ራሱ ይወዛወዛል፣ መሬት ነክቶ ማሰሪያው ብቻ ቢወጠር ነው የሚይዘው። የእግር መቆለፊያው ተጣማሚ ሳይሆን በክላፕ የሚዘጋው ይሻላል፣ በብርድ በደነዘዘ እጅም መዘጋት አለመዘጋቱን በዓይን ታያለህ። ደብዳቤው ላይ ክብ ማኅተም ይኑር፣ ይበቃል ቢሉህም አትመናቸው።

በ2012 ለ80ኛው በዓል በራሴ ወጪ ሄድኩ፣ በዋዜማው ገብቼ ቦታ መርጬ። ልጁ ጋለበ፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው ቀጥ ባለ አድማስ ይዤዋለሁ፣ እስከ ዛሬ ከቀረጽኩት ሁሉ በሱ ነው የምኮራው። አባትዬው ግን ጋቢያቸውን ለብሰው ሜዳው ዳር ቆመው ነበር፣ ሰላም አሉኝ፣ ያለፈውን ዓመት አላነሱብኝም።