ኪዳነ ምሕረት ልጄን አተረፈችልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለቴን ስሳል «አፌን ሞልቼ እመሰክራለሁ» ብዬ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ልጄ ጥርስ አበቀለች። ይቅር በዪኝ እናቴ።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ያን ጊዜ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ፣ 31ኛ ሳምንቴ። አማቴ ከገጠር ስትመጣ መቼም ባዶ እጇን አትመጣም፤ ለፋሲካ እርጎ በቅል፣ አይብ በኮባ ጠቅልላ መጣች። ሁዳዴን እንደ አቅሜ ጾሜ ስለነበር ወተት ወተት ሲለኝ ነው የከረመው። እርጎውን ያለ ልክ ጠጣሁት። አይቡን ደግሞ ፍሪጅ አስገብቼ ከአሥር ቀን በላይ እየቆነጠርኩ በላሁት፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለ ነገር ምን ይሆናል ብዬ።

ግንቦት 10 አካባቢ ብርድ ብርድ አለኝ። ወገቤን ይቆርጠኛል፣ ሰውነቴ ድቅቅ ብሏል። የባሕር ዳርን የግንቦት ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን ጋቢ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ፣ «ታይፎይድ ነው» ተባልኩ። (እኛ አገር ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ አይደል!) ሴፍትሪአክሶን የሚባለውን መርፌ ሦስት ቀን ተወጋሁ። ትኩሳቱ ወይ ፍንክች። ከዚያ ልጄ መንቀሳቀስ ቀነሰች።

ያቺን ሌሊት አልረሳትም። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ፣ ምንም የለም፣ ዞር እላለሁ፣ ደግሞ እጠብቃለሁ። አንዲት ዘመዳችን «መድኃኒቱ ልጁን ይጎዳዋል፣ ተዪውና ጠበል ሂጂ» ትለኛለች። ፊቴን ወደ ጣና አዙሬ «የዑራዋ ኪዳነ ምሕረት፣ ልጄን ካተረፍሽልኝ ለየካቲት 16 ጥላ ይዤ፣ እሷንም አዝዬ እመጣለሁ» አልኩ። ሊነጋጋ ሲል ባለቤቴ ለንስሐ አባታችን ደወለ። አባ አላመነቱም። «ጠበሉንም ትጠጣ፣ ሆስፒታልም ትሂድ። አሁኑኑ ውሰዳት» አሉት።

ግንቦት 14 ጠዋት ሆስፒታል ገባሁ። መጀመሪያ የልጄን የልብ ምት አሰሙኝ፤ አለች! ከዚያ አንድ ልጅ እግር ሐኪም መጥቶ «በዚህ ሁለት ወር ምን ምን በልተሻል?» አለኝ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዘረዘርኩለት። «ያልተፈላ ወተትስ?» ሲለኝ «እርጎ ተፈልቶ ያውቃል እንዴ?» ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ እንደጠረጠረ ነገረኝ። ጥሬ ወተትና የወተት ተዋጽኦ ውስጥ ይገኛል፣ ማፍላት ይገድለዋል፣ ፍሪጅ ግን አያቆመውም፤ ቅዝቃዜ ውስጥም ይራባል። ከተበላ በኋላ ሳምንታት ቆይቶ ሊነሳ ይችላል። ነፍሰ ጡርን ከሌላው ሰው 10 እጥፍ ያህል ያጠቃል። እናቲቱ ጉንፋን የያዛት ይመስላታል፣ እሱ ግን በእንግዴ ልጁ አልፎ ፅንሱን ያገኘዋል፤ ያስወርዳል፣ ያለ ጊዜው ያስወልዳል፣ ሕፃኑንም ይገድላል። ስወጋው የሰነበትኩት መርፌ ደግሞ ለሊስቴሪያ ጭራሽ አይሠራም! የደም ካልቸር (ደሜ ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) ላከልኝ፣ ውጤቱን ሳይጠብቅ ግን አምፒሲሊን በየአራት ሰዓቱ በደም ሥር አስጀመረኝ። ውጤቱ ከቀናት በኋላ ሲመጣ ሐኪሙ እንዳለው ሆኖ ተገኘ።

ባለቤቴ ጠበሉን በሃይላንድ አምጥቶልኝ ነበር። ክንዴ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ በሌላኛው እጄ ጠበል እጠጣለሁ፣ ነርሷ አይታ «በርቺ» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ላብ በላብ ሆኜ ነቃሁ። ረፋድ ላይ ልጄ አንዴ ረገጠችኝ፣ ከዚያ ደጋገመችው። ባለቤቴን «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አልኩት። ግንቦት 16፣ ኪዳነ ምሕረት። አጋጣሚ ነው የሚል ይበል፣ እኔ አልጋው ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ።

መድኃኒቱን ሁለት ሳምንት ወሰድኩ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በ38 ሳምንቴ በሰላም ወለድኩ፤ ሕፃኗንም መረመሯት፣ ምንም የለባትም።

አማቴ ነገሩን ስትሰማ «በእጄ ልገድልሽ ነበር» ብላ ማልቀስ። ከዚያው ቅል እሷም ጠጥታለች እኮ፣ ምንም አልነካት! አሁን ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ድስት ትጠይቀኛለች፣ ወተቱን አፍልታ ነው የምትቀመጠው።

የካቲት 16 በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። መንገዱን ሁሉ ልጄን አላስያዝ ብላኝ አማቴ ናት ያቀፈቻት። በቡናው ጫካ ውስጥ ወጥተን ዑራ ደረስን። ጥላውን ላስረክብ ስል ልጄ እጇን ዘርግታ ዘርፉን ጭብጥ አደረገችና አልለቅም አለች። ዲያቆኑ ይስባል፣ እሷ ትስባለች፣ አማቴ እልልታዋን ለቀቀችው።