ከሁለት ያጣ ልምምድ

የልምምድ ማስታወሻ ደብተሬን ቁጭ ብዬ የቆጠርኩት እግሬ ታሞ ቤት በዋልኩበት ጊዜ ነው። ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ? በአራት ወር ውስጥ 52 ጊዜ ሮጫለሁ። ከነዚህ ውስጥ 38ቱ አጠገብ «ቀላል» ብዬ ጽፌያለሁ። ከዚያ የልብ ምቱን አንድ በአንድ አየሁት። በእውነት ቀላል የነበሩት 7 ብቻ ናቸው። የቀሩት 31ዱ ቀላልም አልነበሩም፣ ከባድም አልነበሩም። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት ይሄ ነው።

የምዘጋጀው ለረጅሙ ትራያትሎን ነበር። 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በላዩ ላይ 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ርቀቱ ገና ሲሰሙት ያስፈራል። የፈራ ሰው ደግሞ ያበዛል። እኔም አበዛሁ። በሳምንት 8 ሰዓት እሠራ የነበረውን በ6 ሳምንት ውስጥ 14 ሰዓት አደረስኩት። ይህ ሳያንስ በዋናም በብስክሌትም በሩጫም ኢንተርቫል (በኃይል ሠርቶ፣ ትንሽ አርፎ፣ እንደገና መድገም) ጨመርኩበት። መጠኑንም ጫናውንም በአንድ ጊዜ ማለት ነው። (መጠን ስል በሳምንት የምሠራውን ሰዓት ነው። ጫና ስል ደግሞ በዚያ ሰዓት ውስጥ ራሴን ምን ያህል እንደማስጨንቅ።)

ቅዳሜ ቅዳሜ ከብስክሌት ጓደኞቼ ጋር እወጣ ነበር። ሁልጊዜ ሲጀመር «ዛሬ ቀስ ብለን ነው» ይባላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ ያመልጣል፣ ሌላው ይከተለዋል። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ እጣበቃለሁ። አራት ሰዓት እንደዚያ ተሳድደን እንመለስና ማታ «ረጅም ቀላል ብስክሌት» ብዬ እጽፋለሁ። እሑድ ደግሞ በደከመ እግር ረጅም ሩጫ አለ።

ምልክቶቹ አልተደበቁም። እኔ ነኝ ላያቸው ያልፈለግሁት። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ የምለካው የልብ ምት ከ52 ወደ 60 ወጣ። እንቅልፌ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይቆረጣል። በትንሽ በትልቁ እነጫነጫለሁ። የወር አበባዬ ሁለት ወር ቀረ፤ እኔ ጭራሽ «አሁንስ አትሌት ሆንኩ» ብዬ ደስ አለኝ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ቅልጥሜ ላይ አንድ ጣት የምታህል ቦታ ደረጃ ስወርድ መውጋት ስትጀምር ነው ሐኪም ዘንድ የሄድኩት። ምርመራው አጥንቱ መጎዳት መጀመሩን አሳየ። ሐኪሟ ስለ ሩጫው ከመጠየቋ በፊት ስለ ወር አበባዬ ጠየቀችኝ። ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት ያነሰ ምግብ ሲያገኝ ወጪ ይቀንሳል፤ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይወርዳል፤ ያኔ አጥንት ራሱን መጠገን ያቅተዋል። የወር አበባ መቅረት የብርታት ምልክት ሳይሆን የደወል ድምፅ ነው። ስድስት ሳምንት ሩጫ ተከለከልኩ።

ደብተሩን የቆጠርኩት ያኔ ነው።

በዚያ ሰሞን የተፈቀደልኝ ዋና ብቻ ስለነበር ገንዳ አዘወተርኩ። እዚያ አንድ በዕድሜ የገፉ ዋናተኛ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አንድ ቀን የገንዳው ጫፍ ላይ ሳለከልክ አዩኝና «ዛሬ ምን ልትሠሪ ነው የመጣሽው?» አሉኝ።

«እስኪደክመኝ ልዋኝ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱማ ሥራ አይደለም። ለድካም ለድካም እቤትሽ ልብስ ብታጥቢም ይገኛል። ነገ ምን ለመሥራት እንድትችዪ ነው ዛሬ የምትሠሪው?»

መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛውን ዓመት ሙሉ ያቀድኩት ግን በዚህች ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ቀላል ማለት ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ሰውነት ሁለት ደፍ አለው፣ ሲታለፍ ድካሙ የሚለወጥበት መስመር ማለት ነው። የመጀመሪያው፣ ጡንቻ ሲሠራ የሚያመነጨው ላክቴት የሚባል ነገር ደም ውስጥ ከእረፍት ጊዜ መጠኑ ከፍ ማለት የሚጀምርበት ነው። ሁለተኛው፣ ላክቴቱ ሰውነት ሊያስወግደው ከሚችለው በላይ መከማቸት የሚጀምርበት። እኔ ላይ የመጀመሪያው በልብ ምት 142 አካባቢ ነው፣ ሁለተኛው 166 አካባቢ። ከ142 በታች ከሆንኩ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳልቆራርጥ ማውራት እችላለሁ። በሁለቱ መካከል በሐረግ በሐረግ ነው። ከ166 በላይ «እሺ» ማለትም ያስቸግራል። መለኪያ የሌለው ሰው ወሬውን መለኪያ ቢያደርግ ብዙ አይሳሳትም።

የኔ 31 ሩጫዎች በሙሉ መካከለኛው ክፍል ውስጥ ነበሩ። መካከለኛው መርዝ ነው እያልኩ አይደለም፣ በቦታው ይጠቅማል። ችግሩ ድካሙ ከቀላሉ ብዙ የሚበልጥ መሆኑ ነው። ሳይታወቅህ ስለሚያደክምህ ማክሰኞ ኢንተርቫል ላይ የሚያስፈልግህን እግር ሰኞ ይበላብሃል። ያኔ ከባዱን ቀን በከባዱ ልክ አትሠራውም። ቀላሉ ከበደ፣ ከባዱ ቀለለ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ።

እስጢፈን ሳይለር የሚባል ኖርዌይ የሚሠራ ተመራማሪ አለ። የከፍተኛ ደረጃ የጽናት ስፖርተኞችን ልምምድ ሲያጠና ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ቀላል ሆኖ አገኘው። «80 ለ20» የሚባለው ወሬ ከዚያ የመጣ ነው። ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቼ ነበር። ቁጥሩ የሚቆጥረው ልምምዶችን እንጂ ሰዓትን አይደለም። በሰዓት ቢሰላ ከባዱ ከዚያም ያንሳል፣ ወደ አንድ አሥረኛ ይጠጋል። በሳምንት 10 ጊዜ ለምሠራው ለኔ ከባድ የሚባሉት ሁለት ናቸው ማለት ነው። የቀደመው ዓመት ሳምንት ስድስት ነበሩበት።

ወደ ሩጫ ስመለስ በ142 የልብ ምት ለመሮጥ ሞከርኩ። አንድ ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ! ትንሽ ዳገት ሲመጣ በእግር መሄድ ነው። የሚያልፈኝ ሰው ሁሉ የሚያዝንልኝ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከኢንተርቫል ይልቅ የከበደኝ ይሄ ነው። ያጽናናኝ የትራያትሎን ስፖርተኛው የማርክ አለን ታሪክ ነው። ሃዋይ ላይ በረጅሙ ትራያትሎን የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን ሞክሮ ስድስት ጊዜ ተሸንፎ በ1989 ተቀናቃኙን ዴቭ ስኮትን በ58 ሰከንድ ቀድሞ አሸነፈ፤ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ሰው ዓመቱን የሚጀምረው ራሱን በልብ ምት ገደብ አስሮ፣ ቀስ ብሎ በመሮጥ ነበር። ፈጣኑ ሥራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሱ ካላፈረ እኔ ማነኝ?

ሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ መጨመር። የመጀመሪያዎቹን 12 ሳምንታት ሰዓት ብቻ ጨመርኩ፣ ከ7 ወደ 11። ሦስት ሳምንት ከፍ፣ አንድ ሳምንት ዝቅ። 11ን የመረጥኩት ከማንም ዕቅድ ገልብጬ አይደለም። ሥራዬን፣ ቤቴን፣ ሰባት ሰዓት ተኩል እንቅልፌን አስቀድሜ ቀንሼ የተረፈውን ነው የወሰድኩት። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን አቆምኩትና ጫናውን ጀመርኩ።

ሌላው ያወቅሁት ነገር ሰዓት ሁሉ እኩል አለመሆኑን ነው። ሦስቱ ስፖርቶች የሚያስከፍሉት የተለያየ ነው። ዋና ላይ ምድር የሚመታ እግር የለም፤ አጥብቀህ ብትሠራም ነገ ትነሣለህ። ብስክሌት ረጅም ሰዓት ይሸከማል። ሩጫ ግን እያንዳንዱን እርምጃ ያስከፍላል። ልብና የደም ዝውውር በሳምንታት ይለወጣሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። የኔ ቅልጥም የተጎዳው በዚህ ልዩነት መሀል ነው፣ ትንፋሼ ቀድሞ ስለበረታ እግሬም የበረታ መሰለኝ። ስለዚህ ከባዱን ወደ ዋናና ብስክሌት ወሰድኩት። ሩጫውን አጭር አጭር አድርጌ በሳምንት አራት ቀን አበዛሁት። ለስድስት ወር ያህል ፈጣን ሩጫ የሚባል አልነካሁም፤ ከቀላሉ ሩጫ መጨረሻ ላይ 20 ሰከንድ 20 ሰከንድ አራት አምስት ጊዜ ከመፍጠን በስተቀር።

ከባዱን ቀን ማክሰኞ አደረግሁት። ጠዋት ገንዳ ውስጥ 100 ሜትር ድግግሞሽ፣ ማታ ብስክሌት ላይ 8 ደቂቃ አራት ጊዜ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ማጨቁ እብደት ይመስላል፤ ግን ረቡዕ በእውነት ቀላል እንዲሆን ነው። በመጨረሻዎቹ 8 ሳምንታት ሁለተኛው ከባድ ቀን ቅዳሜ ሆነ። አምስት ሰዓት ብስክሌት፣ በውስጡ 40 ደቂቃ ሦስት ጊዜ በውድድሩ ጉልበት፣ ከዚያ ወዲያው ወርዶ የ25 ደቂቃ ሩጫ። ለአንድ ሰዓት ያህል ልይዘው የምችለው ጉልበት 210 ዋት ነው፤ ለውድድሩ የመረጥኩት 147 ነበር፣ 70 በመቶ መሆኑ ነው። የምግቡን ልምምድም እዚያው ላይ ሠራሁት፣ በሰዓት 70 ግራም ካርቦሃይድሬት። ሆድም ልምምድ ይፈልጋል። የቅዳሜ ጓደኞቼንስ? አልተጣላንም። ቀላል ሳምንት ላይ መጨረሻ ቡና ለመጠጣት ብቻ እቀላቀላቸዋለሁ።

ሰዓት ብቻ መቁጠር እንዴት እንደሚያታልል ያሳየኝ ቀላል ስሌት አለ። ከልምምድ በኋላ ክብደቱን ከ1 እስከ 10 ነጥብ ትሰጠዋለህ፣ በደቂቃው ታባዛዋለህ። አንድ ሰዓት ቀላል ሩጫ 3 ቢሰጠው 180 ነው። አንድ ሰዓት ከባድ 8 ቢሰጠው 480። የተጎዳሁበትን ሳምንት ሳሰላው ወደ 5,000 ሆነ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ትልቁ ሳምንቴ 2,700 አልሞላም። ሰዓቱ የቀነሰው በሦስት ብቻ ነው፤ ሸክሙ ግን በግማሽ ገደማ።

መሻሻሌን የማየው በየወሩ ነበር። 90 ደቂቃ ብስክሌት በአንድ ጉልበት እነዳለሁ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ግማሽ የልብ ምት ከሁለተኛው ጋር ይነጻጸራል። መጀመሪያ ላይ ሁለተኛው ግማሽ በ9 በመቶ ይወጣብኝ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ 4 ሆነ። ሩጫውም በዚያው 142 የልብ ምት 6 ደቂቃ ከ20 ላይ ደረሰ። አንድ ጊዜም ሳልቸኩል!

ብልጥ ሆኜ ጨረስኩ እንዳትሉ። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ስለ ኖርዌያውያኑ የትራያትሎን ስፖርተኞች አነበብኩ። ብሉመንፌልት በቶኪዮ ኦሊምፒክ ወርቅ፣ ኢደን በ2022 የሃዋይ ድል። እነሱ ሁለተኛው ደፍ አካባቢ ብዙ ይሠራሉ። እኔም «ይሄ ቀርቶብኝ ነበር» አልኩና ያልታቀደ 150 ኪሎ ሜትር በኃይል ነዳሁ። ሰዎቹ ግን በልምምድ መሀል ደማቸውን እየወጉ ላክቴት ይለካሉ፣ ከመስመሩ እንዳያልፉ። ሥራቸውም እሱ ብቻ ነው። እኔ የለካሁት እልኬን ነው። በሦስተኛው ቀን ጉንፋን ያዘኝ፣ አንድ ሳምንት ሄደ። ደግነቱ ጊዜው የመቀነሻ ጊዜ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት መጠኑን በግማሽ ቀነስኩ፣ እግር እንዳይተኛ ግን አጫጭር ፈጣን ነገሮችን አልተውኩም።

ውድድሩ ቀን ዋናው 1 ሰዓት ከ19 ፈጀ። ብስክሌቱ ላይ የመጀመሪያዎቹን 60 ኪሎ ሜትሮች ሰው እንደ ጎርፍ አለፈኝ። እጄን መሪው ላይ አስሬ 147 ላይ ቆየሁ። ከ130 በኋላ ያለፉኝን መልሼ መልቀም ጀመርኩ፤ 6 ሰዓት ከ31 ላይ ወረድኩ። ማራቶኑ 32ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ውሃ ባለበት ሁሉ በእግሬ ሄድኩ፤ 4 ሰዓት ከ48። ልብስና ጫማ መቀየሪያው ተጨምሮ 12 ሰዓት ከ48 ደቂቃ። የተፈቀደው 17 ነው። ቅልጥሜን አንድም ጊዜ አላሰብኩትም። ይህን ያስተዋልኩት በማግስቱ ደረጃ ስወርድ ነው፣ ጭኔ ሲጮህ እሱ ዝም ሲል።

አሁን ሦስተኛው ዓመት ላይ ነኝ። ትናንት ጠዋት ኪሎ ሜትሩን በ6 ደቂቃ ከ30 ለ50 ደቂቃ ሮጥኩ፣ ከጓደኛዬ ጋር ስለ ልጇ ትምህርት ቤት እያወራን። ስንጨርስ የእጅ ሰዓቴ ነዘረችና «ውጤት አልባ ልምምድ» የሚል መልእክት አሳየችኝ። ቅንብሯ ውስጥ ገብቼ ማሳሰቢያውን አጠፋሁት።